የመርቭ ሊነርት ጠዋቶች

በእኛ ከተማ፣ በወረንዲ፣ ጡረታ ለሚወጣ ሰው የሚሰጠው ስጦታ ሁልጊዜ የዓሣ መንጠቆ ከነዘንጉ ነው። ባሕሩ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል፤ ወረንዲ ውስጥ ያለው ውሃ የበጎች ማጠጫ ገንዳ ብቻ ነው። ቢሆንም ባሌ ሬይ ከስንዴ ጎተራው ሥራ ሲሰናበት መንጠቆ ሰጡት፤ መርቭ ሊነርት የተማሪዎቹን አውቶብስ ቁልፍ ሲያስረክብም ያው መንጠቆ። ለመላጣ ማበጠሪያ! የሬይ መንጠቆ እስካሁን ከነፕላስቲኩ ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። በመጋቢት ጡረታ ወጣ፣ ክረምቱ ሳያልቅ ቀበርነው። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ከሐኪም ጋር አልከራከርም፤ ለእኔ ግን ሬይን የገደለው ጠዋት ነው። ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚሄድበት ሲያጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ መርቭ ጡረታ ሊወጣ ነው ሲባል ፈራሁለት። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ የቤንዚን ማደያዬ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የማስበው የሚቀጥለውን ሰኞ ነበር።

መርቭ አርባ ዓመት ገደማ ያንን አውቶብስ ነድቷል። ከሩቅ እርሻዎች ልጆቹን ለቅሞ ያመጣል፣ ማታ መልሶ ይበትናል። ልጅ ጥሎ ሄዶ አያውቅም። በሩ ላይ ያላገኘው ልጅ ካለ ክላክሱን ሁለቴ ይነፋና አንገቱን በመስኮት ያወጣል። «ጫማሽን መንገድ ላይ ታስሪዋለሽ፣ ነይ!» ይላል። የከተማው ከንቲባም፣ የባንኩ ሴትዮም፣ የእኔም ሁለት ሴት ልጆች ጫማቸውን ያሰሩት እሱ አውቶብስ ውስጥ ነው። መንገድ ላይ ስትተላለፈው ደግሞ ሌባ ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ ያደርግልሃል። ሁላችንም እንደዚያ ነን፤ እጅ ማውለብለብ የከተሜ ነው፣ ጣቱን ያላነሳ ወይ እንግዳ ነው ወይ የተጣላህ። የመርቭ ጣት የአውቶብስ በር ሰብሮት ጎበጥ ስላለች ከሩቅ ትለያለች።

እሱ ሲወጣ ሥራው ላንድ የከተማ ድርጅት ተሰጠ፤ ሻንቴል የምትባል ሹፌር መጣች። መጥፎ ልጅ አይደለችም። የዘገየ ልጅ አትጠብቂ ተብላለች፣ አትጠብቅም፤ ሥራዋ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የመርቭ ሚስት ኮራል ፊቷ ቀልቶ ሱቄ ገባች።

«ጆይስ፣ ይሄን ሰውዬ ውሰጂልኝ!»

«ምን አደረገሽ ደግሞ?»

«ቁምሳጥኔን ገልብጦ እንደገና ደረደረው። ጨው የት እንዳለ ቢጠይቀኝ እኮ ደግ ነበር። ጨው የት መቀመጥ እንዳለበት ነው የሚያስተምረኝ! በገዛ ወጥ ቤቴ!»

ሳቅን። ከዚያ ሳቋን ድንገት አቋረጠችና፣ «ጎህ ሳይቀድ ይነሳል» አለችኝ። «ፒክአፑን አስነስቶ ሞተር ያሞቃል። የሚሄድበት ሳይኖረው።»

ብዙም ሳይቆይ የሚሄድበትን አገኘ። ጠዋት ጠዋት ከአውቶብሱ ኋላ ራቅ ብሎ የድሮውን መስመር መከተል ጀመረ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እያልን አፌዝንበት። እኔም ቤንዚን እየሸጥኩለት፣ «ዛሬስ ስንት ተሳፋሪ ጫንክ?» እለው ነበር። «መንገዱን ላየው ነው» ይለኛል፣ «ዝናብ ሲጥል ከድልድዩ ወዲያ ይቦረቦራል።» ዝናብ ከጣለ ወራት አልፈዋል። ቢሆንም ጣቱን እያነሳ ይሄዳል፣ ጣቱን እያነሳ ይመለሳል፤ ጠዋቱ ያልፍለታል። ምን ነበረበት ቢተዉት!

ግን በዚያ ሰሞን በዚያው መስመር ባለ አሮጌ የእርሻ ቤት ካይሊ የምትባል እናት ከልጇ ጋር ተከራይታ ገብታ ነበር፤ ኪራይ ሲበዛባት ከትልቁ ከተማ ከአዴሌድ የመጣች ናት። አንድ ጠዋት ትንሿ ልጅ ቦርሳዋን እየጎተተች ስትሮጥ አውቶብሱ ጥሏት ሄደ። መርቭ ከኋላ አየ። አርባ ዓመት የሠራውን ሠራ፤ በሩ ላይ ቆሞ ክላክሱን ሁለቴ ነፋ፣ የፒክአፑን በር ከፈተላትና፣ «ነይ ግቢ፣ እንደርስበታለን!» አላት።

ልጅቷ ደርቃ ቀረች። እናቷ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች።

«ማነህ አንተ? ከልጄ ምን ትፈልጋለህ?»

«መርቭ ነኝ» አላት እየሳቀ።

ወረንዲ ውስጥ ይህ ሙሉ መልስ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ በላይ የጠየቀው ሰው የለም። ካይሊ ግን ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበችና የታርጋውን ፎቶ አነሳች። አልፈርድባትም፤ እናት ናት፣ ሰውየውን አታውቀውም።

በማግስቱ ሳጅን ዳሚየን መርቭን ያገኘው እኔው ማደያ ላይ፣ ቤንዚን ሲቀዳ ነው። ዳሚየን ልጅ ሳለ መኪና አይስማማውም ነበር፤ ስንት ጠዋት መርቭ ከኋላው እየጠረገ አሳድጎታል።

«መርቭ፣ ትንሽ እናውራ።»

«አውራ። ብቻ እንደ ድሮው ልታስመልስብኝ እንዳይሆን።»

ዳሚየን አልሳቀም። «አቤቱታ ቀርቧል። አንድ ሽማግሌ አውቶብሱን እየተከተለ ልጆችን መኪናው ውስጥ ለማስገባት ይሞክራል ተብሏል።»

መርቭ ቀጥ አለ። በቁጣ ፊቱ ጠቆረ። «እነማን ቤት ደጃፍ? ማነው እሱ? ታርጋውን ይዘኸዋል?»

ዳሚየን መሬት መሬት አየ። «ያንተ ነው መርቭ።»

እኔ በሩ ላይ መጥረጊያ ይዤ ቆሜ ነበር። መግባት አቃተኝ፣ መቆምም አቃተኝ።

«ልጅቷን እኮ አውቶብሱ አመለጣት» አለ መርቭ። «አየኋት እኮ ዳሚየን። እየሮጠች ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔ አውቅሃለሁ። ብቻ አውቶብሱን ተወው። ከደገምከው መመዝገብ ግዴታዬ ነው፣ እባክህ እዚያ አታድርሰኝ።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። መርቭ ግን በዚያን ቀን ስሙ ከሱ ቀድሞ የተቀበረ መሰለው። የቤንዚኑን ክዳን ሳይገጥም፣ እኔን ሳያይ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ከግቢው መውጣት ተወ። ያም ሆኖ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ ይለብሳል፣ ሞተሩን ያሞቃል፣ ያጠፋል፣ እዚያው ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮራል መጥታ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። የጠመንጃው ሳጥን ቁልፍ ነበር፤ እዚህ ለቀበሮ የሚሆን ጠመንጃ የሌለው ቤት የለም።

«አትጠይቂኝ» አለች።

«አልጠየቅኩሽም።»

ከገንዘብ መሳቢያው ውስጥ፣ ከሳንቲሙ ሥር ደበቅኩት። በስንዴ አገር ለባሏ ነፍስ ፈርታ ይህን ቁልፍ ለጎረቤት የሰጠች የመጀመሪያዋ ሴት ኮራል አይደለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳንቲም በመለስኩ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር።

እየነዘነዝኩ ሼድ ሰደድኩት፤ ጡረተኞቹ ወንዶች ተሰብስበው እንጨት የሚጠርቡበት ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ እሺ ብሎ ሄደ። እዚያ እያንዳንዱ የራሱ ጥግ፣ የራሱ መጋዝ፣ የራሱ የሻይ ኩባያ አለው። መርቭ ብርጭቆ ወረቀት ተሰጠውና አንዲት ጣውላ ሲፍቅ ዋለ። ቀና ሳይል፣ ሳያወራ ፈቀ። ቁመቱ ከበር በላይ ስለሆነ «አጭሩ» የምንለው ሰውዬ መጥቶ ጣውላዋን ወደ ብርሃን አነሳት።

«መርቭ ወዳጄ፣ የወፍ ቤት ነው ያልንህ። ይሄ እኮ ፖስታ ካርድ ሆነ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ለክፋት አልነበረም፤ በእነሱ ቤት አቀባበል ነው። መርቭም ፈገግ አለ። ተመልሶ ግን አልሄደም።

የደነገጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከጎተራው አጠገብ በመኪና ተላለፍን። ጣቴን አነሳሁለት። እሱ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊት ለፊት እያየ አለፈ። ያቺ ጎባጣ ጣት አልተነሳችም። ተጣልተን ቢሆን ደስ ባለኝ። መኪናዬን ጥግ አስይዤ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ሬይንም እሱንም አንድ ላይ አለቀስኩ።

ውርጭ የጣለ ጠዋት ነበር። ሱቁን ስከፍት በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ግን የሥራ ሸሚዙ ነው፣ ተተኩሷል። ዳቦ አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ኮራል ቁልፍ ሰጥታሻለች።»

እጄ ሳላስበው መሳቢያው ላይ አረፈ።

«ቀበሮ ዶሮዎቹን እየጨረሰብኝ ነው ጆይስ።»

«መርቭ፣ ዶሮዎቹን ኮራል አምና ሸጣቸዋለች።»

ዓይኑን ከመሳቢያው ላይ ነቀለ።

«አዎ» አለ። «ሸጣቸዋለች።» ከዚያ ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ። «ስሚኝ። ስጪኝ ብዬ ብመጣ እንዳትሰጪኝ። ብቆጣም፣ ብሰድብሽም።»

«ስድብህን ለምጄዋለሁ።»

«የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። አልሰጥህም።»

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ወደ በሩ ሄደና እጀታውን ይዞ ዞረ። «ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቺው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ከዚያ በፊትስ?» አለኝ።

አሁን ኮራል ሐኪም ጋ ትወስደዋለች፣ ክኒንም ተሰጥቶታል። ክኒኑ ለቀኑ ሳይረዳው አይቀርም። እኔ ግን ሱቄን ጨለማው ሳይገፈፍ መክፈት ጀምሬያለሁ። በዚያ ሰዓት ቤንዚን የሚገዛ ነፍስ የለም። መብራቱን አበራለሁ፣ ለሁለት ሰው ሻይ እጥዳለሁ። የፒክአፑ መብራት ከመታጠፊያው ብቅ ሲል መስኮቱ ጋ ቆሜ ሌባ ጣቴን አነሳለታለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ግን ይመጣል።