«ደምሴ ነኝ» ያልኩ ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሟች ባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለልጆቼም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። በየጾሙ መግቢያ እፊታቸው ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ምላሴን፣ በሱቄ ሚዛን ላይ ያጎደልኩትን ምስማር ሳይቀር ስናዘዝ፣ ይቺን አንዷን ዘልዬ አልፋለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል። ሌላ የለም አባ እላለሁ። የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስላችሁ። እሑድ እየደረሰ ስለሆነ ነው።

እሑድ ሜዳችን ይመረቃል። መካኒሳ አቦ አካባቢ ለምትኖሩ «አቦ ማዶ»ን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ለሌላው ግን ልንገር፤ የሰፈር የእግር ኳስ ቡድን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ ወንዙ ዳር፣ ከብት ይግጥበት በነበረ መስክ ላይ የተቋቋመ፣ ከጎፋና ከለቡ ልጆች ጋር ዋንጫ ሲናጠቅ የኖረ ቡድን። ከመስኩ ግማሹ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። የቀረው ዘንድሮ ታጥሮ፣ ሰው ሠራሽ ሣር ለብሶ አልቋል። የሰፈሩ ወጣቶችም ተሰብስበው ስም አወጡለት። «ታደሰ በረኛው ሜዳ» ይባል አሉ። ታደሰ በረኛው እኔ ነኝ።

ይህን ሊነግረኝ ሱቄ ድረስ የመጣው የወጣቶቹ ተወካይ ሳሚ ነው። ደስ ብሎት ነው የመጣው። የቡድኑን ታሪክ እያሰባሰቡ እንደሆነ፣ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እኔን እንደሆነ ነገረኝና፣ መሥራቹም እርስዎ ነዎት አይደል ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ምስማር መመዘኔን ቀጠልኩ። አዎ አላልኩም፣ አይደለሁም አላልኩም። ልጁ ዝምታዬን ትሕትና አድርጎ ወሰደው። እጄን ስሞ ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ የሱቁን በር ገጭ አድርጌ ዘግቼ ቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጥኩ።

አቦ ማዶን ያቋቋመው ጋሽ ደምሴ ነው። ጫማ ሰፊ ነበር። መንገዱ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ከቆርቆሮ የተቀለሰች ጠባብ ሱቅ ነበረችው። እኛ በጨርቅ ኳስ እርስ በርስ ስንደባደብ እያየ ይስቅብን ነበር። አንድ ቀን ጠራን። ከቁርጥራጭ ቆዳ ሰፍቶ፣ ውስጧን የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ አድርጎ የሠራትን ኳስ አሳየን። ጠዋት ጠዋት ለልምምድ ለመጣ ነው የማውሰው፣ ለተኛ አላውስም አለ። አቦ ማዶ የተጀመረው በዚያች ኳስ ነው። ስሙን ያወጣው እሱ፣ ማሊያውን ነክሮ ያቀለመው እሱ፣ የተቀደደ ታኬታችንን በወስፌው የሚጠግነው እሱ። እኔን በረኛ ያደረገኝም እሱ ነው። ኳስ በእጅህ አትቀበል፣ በደረትህ አቅፋት፣ ይለኝ ነበር። አባቴ በሕይወት ነበር፤ ነገር ግን አንድም ቀን ስጫወት መጥቶ አላየኝም። ጋሽ ደምሴ ቀርቶ አያውቅም።

ሰፈሩ ግን ጋሽ ደምሴን ይፈራው ነበር። ጫማውን እሱ ዘንድ ያሰፋል፤ ቤቱ ገብቶ አይበላም። በመንገድ ሲያልፍ እናቶች በእጃቸው የያዙትን ዳቦ በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ከቆዳ ጋር የሚውል ሰው ነውና ዓይኑ አይጥምም፣ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ይሉታል። እኛ ልጆቹ በዚህ እንስቅ ነበር። እኔ ከእናቴ ተደብቄ ቤቱ ምሳ በልቻለሁ። ስንት ጊዜ! ባለቤቱ ያቀረበችልኝን ጠርጌ በልቼ፣ አፌን ጠርጌ ወጥቻለሁ። ምንም እንዳልሆንኩ ከማንም በላይ የማውቅ እኔ ነበርኩ። እንግዲህ ይህን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ከለቡ ልጆች ጋር የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ሲዘንብ አድሮ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። እኩል ነበርን፤ ጨዋታው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ከሩቅ የተመታች፣ አቅም ያጣች ኳስ እየተንከባለለች መጣች። እናቴ እንኳ ትይዛት ነበር። ጎንበስ አልኩ። በእጄ መሐል ሾልካ፣ በእግሬ መሐል አልፋ ገባች።

ቀና ስል አምበላችን ግርማ ወደ እኔ ሲሮጥ አየሁ። ከኋላው ሰው፣ ከሰው ኋላ ሰው። ከእኔ በፊት የነበረው በረኛ እንዲህ ያለ ጎል ገብቶበት ጨዋታውን ሸጧል ተብሎ ተደብድቦ ነበር። መንጋጋው ተሰብሮ ሳምንታት በሙሉ ሾርባ ሲመጥ ኖሯል። እኔም አይቼዋለሁ። ፈራሁ። ፍርሃት እንዲህ እንደሆነ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ጭቃው ላይ ወደቅኩ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የወደቅኩት ፊቴን ልደብቅ ብዬ ብቻ ነው። ቀጥሎ ግን ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት፣ ልጁ ተበልቷል፣ ዓይን ነው የጣለው አለች። የግርማ እግር ቀጥ ሲል ሰማሁ። ማምለጫ እንዳገኘሁ ያኔ ገባኝ። ጥርሴን ነከስኩ። እጅና እግሬን አንፈራገጥኩ። የጎረቤታችን ልጅ ታማ ስትወድቅ ያየሁትን ሁሉ አደረግኩ። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ጤና አዳም አሽተው አፍንጫዬ ውስጥ ወተፉ። ያዙኝ። መጠየቅ ጀመሩ። በኛ ሰፈር እምነት ሰውን የበላው ቡዳ በበሽተኛው አፍ ስሙን እየጠራ ይለፈልፋል። ማን ነህ፣ ስምህን ተናገር ይሉኛል።

እዚህ ላይ ነው ዛሬም የምፈራው። ስሙ ድንገት ከአፌ አምልጦኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አላመለጠኝም። ጊዜ ነበረኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኩ። የማይታወቅ ስም ብጠራ አያምኑኝም አልኩ። የሀብታም ስም ብጠራ ነገ ይጠይቀኛል አልኩ። ማንም የማይከራከርለት ሰው ፈለግኩና አገኘሁ። መርጬ ነው ያገኘሁት፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት። ድምፄን አጎረነንኩ።

«ደምሴ ነኝ» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ መስመሩ ዳር ቆሞ የውኃ ጀሪካናችንን ይዞ ነበር። አንገቱን ይዘው አመጡት። የበላ ሰው እንትፍ ካላለበት በሽተኛው አይድንም ይባላልና፣ እንትፍ በልበት እያሉ ጭቃው ላይ አንበረከኩት። እኔ በዓይኔ ቆብ ሥር አሾልኬ አየሁት። እሱም አየኝ። እያየሁት መሆኑን አየ። በደንብ ነው ያወቀብኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስዋሽ ፊቴን ያውቀዋል። አሁን ያጋልጠኛል አልኩ። ጎንበስ ብሎ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

«ተነስ ልጄ፤ ኳሷ እርጥብ ነበረች» አለኝ።

ከዚያ ቀና ብሎ፣ እንዳዘዙት፣ ምራቅ በሌለው አፉ እንትፍ አለ። እኔም ተነሳሁ።

እባካችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። ጎሉ የገባብኝ ስቼ ነው። ስሙን የጠራሁት በፍርሃት ነው፤ በፍርሃት ብዙ ሰው ብዙ ነገር ያደርጋል። መነሳቴ ግን ምን ይባላል? ተኝቼ ብቆይ ምናልባት ይጠራጠሩ ነበር፤ ምናልባት ሐኪም ቤት ይወስዱኝ ነበር። እሱ ማለት የፈለገው ተነስ፣ አይዞህ፣ ኳሷ እርጥብ ነበረች በላቸው፣ እኔ እመሰክርልሃለሁ ነበር። ለምን አልተናገርኩም? አፌ ክፍት ነበር፤ ለመናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ልክ እንትፍ ሲልብኝ እንደ ደህና ሰው ቆምኩ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ እልልም ዋይም አለ። እንትፍ ሲልብኝ መዳኔ ለእነሱ የቡዳነቱ ማረጋገጫ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ጋሽ ደምሴን ማንም ሊያድነው አይችልም ነበር።

ሱቁን ያፈረሱት ከሜዳው ሲመለሱ ነው። የሰፋልንን ኳሶች ወንዝ ጣሏቸው። ጫማ የሚሰጠው ሰው ጠፋ፤ ወፍጮ ቤት ሚስቱን አንፈጭልሽም አሏት። ክረምቱ ሳይወጣ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ሄዱ። ሚስቱ ጨቅላ ልጃቸውን አዝላ ከኋላ ትከተል ነበር። እኔ በአጥራችን ቀዳዳ አየኋቸው። ጋሽ ደምሴ በደጃችን ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየም። ቢያይ ኖሮ ዓይኑን ፈርቼ እሸሽ ነበር፤ አያችሁት የእኔን ነገር? ራሴ የፈጠርኩትን ውሸት ራሴ መፍራት ጀምሬ ነበር።

በዓመቱ ዋንጫውን በላን። በትከሻቸው ተሸክመውኝ ሰፈሩን ዞርን። ጋሽ ደምሴን ያነሳ የለም። አሁንም የለም። የቡድኑ ታሪክ ያለ እሱ ይወራል፤ ከሰፈሩ ልጆች አንዱ ጀመረው ይባላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ታደሰ ጀመረው ተባለ። እኔም አላረምኩም።

ሳሚ መጥቶ ከሄደ በኋላ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ጫማ ሰፊዎቹን እያጠያየቅኩ የጋሽ ደምሴ ልጅ አልማዝ ጎፋ የልብስ ስፌት ቤት እንዳላት ሰማሁ። ያቺ የታዘለችው ናት። ሄድኩ። አባቷን ትመስላለች። የአቦ ማዶ በረኛ ነበርኩ አልኳት። ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ። አባቷ ካረፈ ቆይቷል። ልጆቿ አያታቸው ለምን ከመካኒሳ እንደወጣ እንደማያውቁ፣ እሷም ልትነግራቸው እንደማትፈልግ፣ ዛሬም በቡዳ የሚያምን ሰው ሞልቷል ስትል ዝቅ ባለ ድምፅ አጫወተችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችኝ።

«አባቴ እርስዎን ያነሳ ነበር። ያ ልጅ ክፉኛ ታሞ ነበር ይለን ነበር። ተሻለዎት?» አለችኝ።

ሁሉን ልነግራት ነበር የሄድኩት። በመንገዱ ሁሉ ስለማመደው ነበር። ያ የሜዳው ፍርሃት ግን ተነሳ።

«ተሻለኝ» አልኳት።

እሷም እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። አውቃ ነው ወይስ ሳታውቅ? ስመለስ ታክሲ ውስጥ ይህን ሳወጣ ሳወርድ መውረጃዬን አለፍኩ። ሳታውቅ ከሆነ፣ ጋሽ ደምሴ ለገዛ ልጁ ሳይቀር ሸፍኖልኛል ማለት ነው። አውቃ ከሆነ ደግሞ እንድናገር በር ከፍታልኝ እኔ ዘጋሁት።

እሑድ ማይክ ይሰጡኛል። እዚያው ሜዳ ላይ ነው የምቆመው። ሕዝቡን እፈራለሁ፤ ልጆቼም እዚያው ይኖራሉ። ከዚህ የበለጠ የምፈራው ግን ስሙን ጠርቼ ግማሹን ብቻ ማውራቴን ነው። መሥራቹ ጋሽ ደምሴ ነው ብዬ ዝም ካልኩ፣ አንድ ሽማግሌ ያ ቡዳው ማለቱ አይቀርም፤ ነገሩም ጎፋ ድረስ ሄዶ የአልማዝን ልጆች ያገኛቸዋል። ስለዚህ ስሙን ከጠራሁ የራሴን ሥራ አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ስለዚህ ነው አስቀድሜ ለአልማዝ ሄጄ ይህን የማነብላት። እሷ ካልፈቀደች ስሙን አልጠራም፤ ሜዳው ግን በእኔ ስም አይጠራም።

ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ጭቃ ላይ ተንበርክኮ በጆሮዬ ይቅር ብሎኛል፤ እኔ በዚያው ይቅርታ ነው የጨረስኩት። እናንተን የምለምነው እንድታምኑኝ ብቻ ነው።

አላመመኝም ነበር። ማንም አልበላኝም። ኳሷ እርጥብ ነበረች፤ ቢሆንም ልይዛት እችል ነበር። ያን ቀን ጭቃው ላይ ተኝቶ የተናገረው ደምሴ አልነበረም። ታደሰ ነኝ።