የአክስታችን ወቀሳ በእንግሊዝኛ

አምስት ኪሎ እንግሊዝኛ ሳስተምር ዕድሜዬን ስለፈጀሁ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ማስተርጎም እንደ ውሃ የሚጠጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። ወንድሜ እንግሊዛዊት እጮኛውን ይዞ ሲመጣ ግን ጉዴ ፈላ።

ልጅቷ ከአውሮፕላን እንደወረደች ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ሆቴል ያዘች። አፍንጮ በር፣ እኛን ያሳደጉን አክስታችን ቤት የመጣችው በማግስቱ ነው። አክስታችን አቅፈው ስመው አስቀመጧትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው፣ ቤቴ ጠበባት? አልጋ አንጥፌ፣ ዶሮ ሠርቼ ስጠብቅ ሆቴል ማደር ምን ይሉታል? እየወቀሱሽ ነው በያት! አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ!»

እኔም ሳላስብ «ክሪቲሳይዝ» እያደረጉሽ ነው አልኳት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ላስተካክል ብዬ «ብሌም» ስል ጭራሽ ባሰ። ዓይኗ እንባ አቀረረና፣ «ካልወደዱኝ ሠርጉ ይቅር፣ አገሬ ልግባ» አለች። አራዳ ነኝ ባዩ ወንድሜ ማስተርጎሙን ለእኔ ጥሎ በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ።

አስተማሪነቴ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ክሪቲሳይዝ የሚያደርግ ሰው ጉድለት ነቅሶ ያወጣል፤ የማያውቀውንም ሰው ቢሆን። ብሌም ለተበላሸ ነገር ጥፋተኛ ይፈልጋል። ስኮልድ ደግሞ ልጅን መቆጣት ነው። አክስታችን ግን ቅር ነው ያላቸው። «ሪፕሮች» አልኳት፣ ከቁጣው ቅያሜው የሚያመዝነውን።

«እሱስ ከመጥላት በምን ይለያል?» አለች። ጥያቄዋን ለአክስታችን ነገርኳቸው።

ሳቁ። «ማዶ ያለችውን ጎረቤቴን ወቅሼ አውቃለሁ? እሷ ምኔ ናት! ሰው የሚወቅሰው የራሱን ነው በያት።»

ይህን ለማስተርጎም ቃል መምረጥ አላስፈለገኝም። ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ዶሮውን በላች፤ ሻንጣዋም የዚያኑ ዕለት አፍንጮ በር ገባ።

ከሠርጉ በኋላ ሙሽሮቹ የራሳቸውን ቤት ተከራዩ። አክስታችን ጉንፋን ጥሏቸው ሲሰነብቱ፣ ሙሽሮቹ እንዳይጨነቁ ብለው አላሰሟቸውም። ሙሽሪት ከሰው ሰምታ እየበረረች መጣች። ገና ከበሩ ሳታልፍ፣ በዚያ በሚንገዳገድ አማርኛዋ ጮኸች።

«ታመው ለምን አልነገሩኝም? እኔ ምንዎ ነኝ? በጣም ቅር ብሎኛል!»

እኔ ደንግጬ ላበርዳት ስነሳ፣ አክስታችን ከትራሳቸው ቀና ብለው እጄን ያዙኝ። ፊታቸው በርቷል።

«ተያት» አሉኝ። «አልሰማሽም? ወቀሰችኝ እኮ!»