ችግኝ መሃል የቆመችው ሴት

አባቴ ሮቤ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ድረስ ቀኑን የምገፋው እዚያ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አንድ የገበያ ቀን ከጎባ የመጣች ደንበኛችን የመጋረጃ ጨርቅ እያገላበጠች፣ "ያ መላጣው ሩሲያዊ የት እንደገባ ሰማችሁ?" አለችን።

ማንን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባን። ጎባ አደባባይ ላይ ጺሙን አሹሎ የቆመው የሲሚንቶ ሐውልት ነው። ተማሪ ሳለን ለበዓል በጭነት መኪና እየተጫንን ሄደን ፊቱ መፈክር አሰምተናል። መንግሥት ሲለወጥ እሱም፣ አብረውት የነበሩት ሐውልቶችም ከአደባባዩ ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ስለ እነሱ የጠየቀ ሰው አላውቅም።

"ተሰባብሮ ተጥሎ ይሆናላ" አልኳት።

"ምን ተሰብሮ! ችግኝ ጣቢያ ገብቶ ተቀምጧል። ወታደሩም እዚያው ነው፤ ነዶ የታቀፈችው ሴትም። ጎመን መሃል ቆመዋል ብልሽ ታምኚኛለሽ?"

አባቴ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከባንኮኒው አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጡት አዳዳ ግን አልሳቁም። አዳዳ የምላቸው የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሲናና ነው የሚኖሩት፤ ገበያ ሲመጡ እኛ ቤት ያድራሉ። ሴትዮዋን ቀና ብለው አዩና፣ "ነዶ የታቀፈችው ደህና ናት?" ብለው ጠየቁ። ስለ ጎረቤት የሚጠይቁ እንጂ ስለ ሐውልት የሚያወሩ አይመስሉም ነበር።

"ደህና ናት፤ ምን ትሆናለች?" አለች ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ።

በማግሥቱ ጠዋት አዳዳ ሻሻቸውን አስረው በር ላይ ጠበቁኝ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጎባ ትወስጂኛለሽ?"

"ጎባ ምን አለዎት?"

"ያቺን ሴት ልያት ብዬ ነው።" ወዲያ ወዲህ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ ነኝ መሰለኝ።"

ለአባቴ አዳዳን ሐኪም ቤት አደርሳለሁ ብዬው ወጣን። ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሣ አዳዳ በመስኮቱ በኩል የስንዴውን ማሳ እያዩ ቀስ ብለው ይነግሩኝ ጀመር። በደርግ ጊዜ የአምራቾች ማኅበር አባል ነበሩ። በአጨዳ ወቅት አንድ ወጣት ሐውልት ሠሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ትምህርቱን ሩሲያ ነው የተማረው ተባለ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሴቶቹን አሰልፎ አሳየው፤ ወጣቱም አዳዳን መረጠ። ነዶ ታቅፈው ፊቱ እንዲቆሙ፣ እሱም በጭቃ ትንሽዬ አምሳያ ሊሠራ።

"እምቢ አላሉም?"

"ሰው ፀሐይ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ እኔ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ እውላለሁ፤ ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?" አሉና ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጨለም አለ። "ኋላ ነው ያሳሰበኝ። ልጄ ቁርዓን የሚያስቀራ ሰው ሆነ። እናትህ አደባባይ ላይ ጣዖት ሆና ቆማለች ብዬ እንዴት ልንገረው? ጎባ ስሄድ እንኳ በአደባባዩ አላልፍም ነበር። አንድ ቀን ቀርቤ አላየኋትም፣ ወላሂ።"

ጎባ ስንወርድ ከሳነቴ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ሻሻቸውን አውለበለበው። ሰው እየጠየቅን ወደ ቶጎና ወንዝ ቁልቁል ወረድን። የችግኝ ጣቢያው አጥር በቆርቆሮና በግንድ የተሠራ ነው። በሩ ላይ ረጅም ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ አገኘን፤ የጣቢያው ኃላፊ ነበር። ሐውልቶቹን ለማየት መምጣታችንን ስንነግረው ደስ አለው።

"ግቡ፣ ግቡ! እነሱን ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።"

ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም። ውስጡ በፌስታል የተተከለ የጽድና የኮሶ ችግኝ በመደብ በመደብ ተደርድሯል። መላጣው ሩሲያዊ ጎመን መሃል ቆሞ፣ የተዘረጋ እጁ ላይ የውኃ ማጠጫ ጎማ ተጠምጥሟል። አደባባይ ላይ ያን ያህል ረጅም የመሰለኝ ሰውዬ ከሥሩ ያለው መቆሚያ ሲቀር ከእኔ ብዙም አይበልጥም። በልጅነቴ እፈራው ነበር፤ አሁን ተጠግቼ ጆሮውን ነካሁት። ውስጡ ባዶ ኖሯል፤ በጣቴ ሳንኳኳው እንደ እንስራ ጮኸ። ከአደባባዩ አብሮ የመጣው የብረት መዶሻና ማጭድ ሐረግ ይዞበታል። ወታደሩ አፈሙዙ ላይ የጥላ መረብ ታስሮበት ለችግኝ ምሰሶ ሆኗል።

"ሊሰብሯቸው ሲሉ ለእኔ ስጡኝ አልኳቸው" አለ ኃላፊው። "የተራራው ነፋስ ችግኜን እየጨረሰብኝ ነበር። እነዚህ ይከልሉልኛል።"

"ሴቲቱስ?" አሉት አዳዳ።

ከወንዙ በኩል፣ ከሁሉም ራቅ ብላ ቆማለች። አዳዳ ፊቷ ሄደው ቆሙ። እኔም ከጎናቸው ሆኜ አንዴ ሐውልቷን፣ አንዴ እሳቸውን አያለሁ። ምንም አይመሳሰሉም። የሐውልቷ ፊት ሰፊ፣ አፍንጫዋ ቀጥ ያለ፣ ክንዷ እንደ በሬ ጫንቃ የደነደነ ነው። አዳዳ ደግሞ ቀጭን ናቸው፤ ፊታቸውም ረዘም ያለ ነው።

"እኔ አይደለሁም" አሉ በመጨረሻ። ደስ ይበላቸው ይክፋቸው ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም።

"አይዞዎት እናቴ" አለ ኃላፊው። "እህቴ ናት፣ አክስቴ ናት እያለ የሚመጣ ብዙ ነው። ባለፈው እንዲያውም አንዲት ሴትዮ መጥተው እግሯ ሥር አልቅሰው ሄዱ።"

"እግሯ?" አሉ አዳዳ ድንገት። "እግሯ የታለ?"

እግሯ በሣርና በአረም ተሸፍኗል። አዳዳ ጎንበስ ብለው ሣሩን በሁለት እጃቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉት፤ እኔም አገዝኳቸው። ከሥሩ ትልልቅ የወንድ ቡት ጫማ ወጣ። ማሰሪያው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ዞሮ ዞሮ ታስሯል። አዳዳ እሱን ሲያዩ መሬት ላይ ቁጭ አሉና ሳቅ ያዛቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"አዳዳ፣ ምን ሆኑ?"

"የሱ ጫማ ነዋ! በባዶ እግሬ ነበርኩ። እግሬን ሊሠራ ሲል፣ አገር እያየኝ በባዶ እግሬ አልቆምም አልኩት። ገበሬ ነሽ፣ ምን ችግር አለው አለኝ። እንግዲያስ ሌላ ሴት ፈልግ ብዬ ነዶውን ወረወርኩት። ቢጨንቀው የራሱን ጫማ አውልቆ ሰጠኝ። ሰፋኝ፤ እንዳይወልቅብኝ ማሰሪያውን እንዲህ አዙሬ አዙሬ አሰርኩት። እሱ በካልሲ ሲሠራ ዋለ።"

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን አየ። "እኔኮ ወታደሩ ያዋሳት ይመስለኝ ነበር!"

አዳዳ ልብሳቸውን አራግፈው ተነሡና እንደገና ወደ ሐውልቷ ፊት ቀና አሉ። "ታዲያ ይሄ ፊት የማን ነው?" አሉ። አሁን ፍርሃቱ ጠፍቶ ነገሩ የምር ከንክኗቸዋል። "እኔን አቁሞ ሲያየኝ ውሎ የሌላ ሰው ፊት ከየት አመጣ?"

"ከላይ አዘውት ይሆናላ" አልኩ። "የሩሲያ ሴት ትምሰል ብለውት።"

"የሩሲያ አይደለም፤ ይኸው የአበሻ ፊት ነው። እናቱ ትሆናለች። ሲሠራ ስለ እናቱ ብዙ ያወራኝ ነበር።" ወደ ኃላፊው ዞሩ። "ያለቀሰችው ሴትዮ፣ ልጄ፣ መልኳ እንዴት ነበር?"

ሰውዬው ለማስታወስ ሞከረ። "ነጠላቸውን ተከናንበው ነበር፤ ልብ አላልኳቸውም። አሮጊት ናቸው። ከሩቅ አገር የመጡ ይመስላሉ።"

አዳዳ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሐውልት ሠሪው የት እንደደረሰ ጠየቅኋቸው። ከዚያች የአጨዳ ወቅት በኋላ አይተውት አያውቁም። ስንወጣ ኃላፊው ሣሩን መልሼ አላሳድገውም፣ ጫማው ይታይ አላቸው። እሳቸውም "ገለታ ገሊ" ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑት፤ እሱም በኦሮምኛ መለሰላቸው።

እቤት እንዳትናገሪ ብለው መንገዱን ሁሉ ሲያስጠነቅቁኝ መጡ። ራት ላይ ግን አባቴ ሐኪሙ ምን አለ ብሎ ሲጠይቃቸው አላስቻላቸውም። ነዶውን፣ ካልሲውን፣ ማሰሪያውን ሁሉ ተረኩለት።

ወሬው ሲናና ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከሳምንታት በኋላ ቁርዓን የሚያስቀራው የአክስቴ ልጅ ሱቃችን መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጎ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አለ።

"ፊቱ የእናቴ አይደለም አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ከሳቸው የተወሰደው ጫማው ብቻ ነው፤ እሱም የሳቸው አይደለም።"

ጺሙን እየዳበሰ አሰበ። "ጫማ ብቻ ከሆነ ምን ይደረጋል" አለና ችግኝ ጣቢያው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ። ሄዶ እንዳየ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ለእናቱ የጽድ ችግኝ ይዞላቸው ገባ። ስለ ሐውልቱ አንድም ቃል አልተናገረም፤ አዳዳም አልጠየቁትም። ጽዱን ግን ከቤታቸው ጀርባ ተከሉት።

እኔን ግን ጉዳዩ አልለቀቀኝም። አዳዳ ለሴቲቱ ሐውልት ከቆሙ፣ ለወታደሩም የቆመ የሆነ ሰው ልጅ ይኖራል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ሌላ ቀን ብቻዬን ጎባ ሄጄ ኃላፊውን ስለ ወታደሩ ጠየቅሁት።

"እሱን እስካሁን የጠየቀ የለም" አለኝ።

የወታደሩን ፊት ተጠግቼ በደንብ አጠናሁት። ከዚያ በኋላ ከጎባ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ጨርቅ ከመምረጡ በፊት የኔን ጥያቄ መመለስ ነበረበት። ያኔ ወጣት የነበረ፣ ጉንጩ ጎድጎድ ያለ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ታውቃላችሁ?