ኅዳር አሥራ አራት የሚለው ገጽ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሼ ግርማ መጀመሪያ ያሳየኝ ቴፑን ሳይሆን ሳሙናውን ነው። «ቅባት የነካው የካሴት ክር አይድንም፤ ታጠቢ» አለኝ። ሄርማታ ሰፈር፣ ገበያው ጫፍ ላይ በነበረችው የካሴት ቤቱ ውስጥ ሁለት መቅጃ ቴፕ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ የቴፑ ራስ የሚጸዳበት አልኮልና ጥጥ ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ልጅ ነበርኩ። የቀጠረኝ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ቴፑ አንድ ካሴት በላብኝ። ክሩ እንደ አንጀት ተጎልጉሎ ሲወጣ የምባረር መሰለኝ። ጋሼ ግርማ ክሩን በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከረ ወደ ቦታው መለሰና «ጥሩ ነው፣ ፈሪ ነሽ» አለ። «ደፋር ክር ይበጥሳል።» ከዚያ በኋላ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ እየፈራሁ ሠራሁ።

ጋሼ ግርማ የአካባቢውን ዘፋኞች በጓዳው ይቀዳ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ማይኩን ወደ ራሱ አዙሮ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ይናገራል። የተቀዳው ካሴት ከቴፑ እንደወጣ በጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች መስበር የእኔ ሥራ ነው። እኛ ጥርስ እንላቸው ነበር። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ ሌላ ነገር መቅዳት አይቻልም፤ ቴፑ እምቢ ይላል።

መዝገቡም የራሱ ፈጠራ ነበር። ለእያንዳንዱ ዓመት ደብተር አላወጣም። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ሰጠው። መስከረም አንድ አንድ ገጽ፣ መስከረም ሁለት አንድ ገጽ፣ እንዲህ እያለ እስከ ጳጉሜ። ዓመት አልፎ ያው ቀን ሲመጣ ከአምናው ሥር እጽፋለሁ፤ ማን እንደተቀዳ፣ የማን አዲስ ካሴት እንደመጣ። «አምና ዛሬ ምን እንደሆነ የማያውቅ ነጋዴ ዓይነ ስውር ነው» ይል ነበር።

ከዲጃ የመጣችው በኅዳር አሥራ አራት ከሰዓት በኋላ ነው። አጋሮ በአንድ መጋዘን ውስጥ ቡና የምትለቅም፣ ሰርግ ላይ ደግሞ የምትዘፍን ሴት ነበረች። ዘፈኑን የሠራችው ስለ ለቀማው ነው፤ ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ። መጨረሻው ላይ «ጣቴ ፍሬውን ያውቃል፣ ዓይኔ ደከመ እንጂ» ይላል። ስትዘፍን ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ፍሬ ይለቅሙ ነበር።

ጋሼ ግርማ ቀኑን ተናግሮ እንደጨረሰ በሩ ተደበደበ። የቀበሌ ጥበቃ ነበር፣ ጠመንጃውን አንግቷል።

«ለቃሚ ደከማት የሚል ዘፈን ሰማሁ። ማነው ያደከማት?»

«የሰርግ ዘፈን ነው ጓድ፤ የደከመችውም ሙሽራዋ ናት» አለ ጋሼ ግርማ።

እኔ ካሴቱን ከቴፑ መዝዤ በልብሴ ሥር ከትቼው ነበር። ጠባቂው ባዶውን ቴፕ ከፍቶ አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። የካሴቱ ጠርዝ ጎኔን ሲወጋኝ ይታወቀኛል። ጠባቂው ሲሄድ ከዲጃ በጓሮ ወጣች፤ ተመልሳ አልመጣችም። እኔም ካሴቱን ባዶ ካሴቶች ከሚቀመጡበት ካርቶን ውስጥ ወሸቅኩት። ከቀናት በኋላ ፈልጌ አገኘሁት። መጨረሻውን ብቻ ከፍቼ የጋሼ ግርማን ድምፅ ሰማሁና ስሟን ጽፌበት ወደ ብረት ሳጥኑ አስገባሁት።

ዓመታት አለፉ። አንድ ኅዳር አሥራ አራት ቀን የመኩሪያ አዲስ ካሴት መጣልን። ያን ጊዜ መኩሪያ በየሻይ ቤቱ ዘፈኑ የሚከፈትለት ሰው ነበር። የመጀመሪያውን ዘፈን ከፈትኩ። ቃሉ ስለ ፍቅር ነው፤ ዜማው ግን የከዲጃ ነው። ሽፋኑ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ ራሱ» ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ የከዲጃ ነው» አልኩ።

«ዝም በይ ዘሃራ። እሱ ዘፋኝ ነው፣ እኛ ሻጭ ነን።»

ዝም አልኩ። ሸጥኩትም። ከከዲጃ መስመር ሥር የእሱን ጻፍኩ፤ በአንድ ገጽ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በታች።

ካሴት ሲሞት ሱቁም ሞተ፣ ጋሼ ግርማም ተከተለ። መዝገቡና ሳጥኑ መንደራ ቆጪ ሰፈር እኔ ቤት ገቡ። በስተርጅናዬ ከከተማው ሬዲዮ ናቲ የሚባል ጋዜጠኛ መጣና ጠዋት ጠዋት «ዛሬ በሙዚቃ» የሚል ዝግጅት እንደሚያቀርብ ነገረኝ፤ በዚህ ቀን ማን ተወለደ፣ የማን ካሴት ወጣ። የእኔን መዝገብ ሲያይ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ተቀጠርኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ተጣላን። የውጭ ዘፋኞችን ከኢንተርኔት በፈረንጅ ቀን እያወጣ ወደ እኛ ይመልሳል። «ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት አንድ ቀን ይዛነፋል፤ ሰውየውን ሳይሞት ገደልከው» አልኩት።

«እማማ ዘሃራ፣ በአንድ ቀን ማን ያውቃል?»

«ሟቹ ያውቃል።»

ከዚያ ወዲህ ሳያሳየኝ አላነበበም።

አምና ኅዳር ሲገባ ናቲ እየሮጠ መጣ። የመኩሪያ ካሴት የወጣበት ቀን ሊከበር ነው፤ መኩሪያም ራሱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ስቱዲዮ ይገባል። ገጹን ገለጥኩለት። ሁለቱን መስመሮች አነበበ፤ ዜማው የከዲጃ መሆኑን ነገርኩት።

ሳጥኑን ከፈትኩ። ካሴቱ አለ። ገልብጬ አየሁት። ጥርሱ አልተሰበረም። ያን ቀን ከፍርሃቴ ብዛት ረስቼዋለሁ። እዚያ ካርቶን ውስጥ በቆየባቸው ቀናት ማን ምን እንደቀዳበት አላውቅም። የማውቀው መጨረሻውን ብቻ ነው።

በዋዜማው የሬዲዮው ቴክኒሺያን ክሩን በብርሃን አየችው። «ደርቋል እማማ። አንድ ጊዜ ቢጫወት ነው። ያን ጊዜ ወደ ኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ፤ ለሁለተኛው ዋስ አልሆንም።»

«እንግዲያው ቀድመን ለብቻችን እንስማው» አለ የዝግጅት ክፍሉ ኃላፊ።

«አይሆንም» አልኩ። «ሰው በሌለበት አይፈረድበትም። እሱ ባለበት ይሰማ።»

«ባዶ ቢሆንስ? የሰው ስም ማጥፋት ነው እኮ። እርስዎንም እኛንም ይከሱናል።»

«ባዶ ከሆነ እዚያው ማይኩ ላይ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

አፌ ይህን አለ። ማታ ግን ስልኳን አፈላልጌ አጋሮ ለከዲጃ ደወልኩ። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ዓይኗ ጭራሽ እንደማያይ ነገረችኝ።

«ማሎ ዘሃራ» አለች፣ እባክሽ ማለቷ ነው። «ባዶ ከወጣ በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ልባል ነው። የልጅ ልጆቼ እዚሁ ነው የሚማሩት።»

«ታዲያ ልተወው?»

«አይ፣ ስሜን ጥሪው። ግን አጥብቀሽ ጥሪው።»

በማግስቱ፣ ኅዳር አሥራ አራት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስቱዲዮ ገባን። መኩሪያ ሸምግሏል፤ ነጭ ባርኔጣ አድርጓል፤ እኔንም ተነሥቶ ነው የጨበጠኝ። ክፉ ሰው ቢሆን በቀለለኝ። ናቲ በዚህ ቀን የፈረሰ አንድ የውጭ ባንድ አነሣ፤ ቀጥሎ የመኩሪያን ካሴት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«በዚህ ገጽ ከጋሽ መኩሪያ በላይ ሌላ መስመር አለ» አልኩ። «ከዲጃ፣ ከአጋሮ፣ ቡና ለቃሚ። ዜማው የሷ ነው። ካሴቱ ይኸው።» ጥርሱ አለመሰበሩንም ተናገርኩ።

ቴክኒሺያኗ ካሴቱን ከትታ ቁልፉን ተጫነች። ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ የአንዲት ልጃገረድ ድምፅ፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የማይክ ሙከራ። አንድ፣ ሁለት...»

የእኔ ድምፅ ነበር። ጋሼ ግርማ አዲስ ማይክ ገዝቶ ሞክሪው ያለኝ ቀን ትዝ አለኝ። ከካርቶኑ አንዱን ባዶ ካሴት አንስቼ ከመጀመሪያው ቀድቼበት ነበር፤ ባዶ የመሰለኝን።

«ይሄ ነው እንዴ ዘፈኑ?» አለ መኩሪያ እየሳቀ። «ዜማው አይከፋም።»

ድምፄ አላቆመም። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ካሴቶች አንድ በአንድ ይቆጥራል። ናቲ ዓይኑን ከእኔ ላይ አሸሸ። ኃላፊው ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ እጁን አንገቱ ላይ አደረገ፤ አቁሙት ማለቱ ነው። አጋሮ ሬዲዮ ሥር የተቀመጠችው ሴት ታየችኝ። «ቢስሚላህ» አልኩ በሆዴ፣ «ትንሽ እንኳ ተርፎ ይሁን።»

ሙከራው ያበቃበት ላይ ቀጭ አለ። ከዲጃ መጣች።

የተረፈው ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ዜማው ግን ያው ነው። ጣቴ ፍሬውን ያውቃል አለች፤ ዓይኔ ደከመ እንጂ አለች፤ አበቃች። ጋሼ ግርማ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ተናገረ። ከመኩሪያ ካሴት ስድስት ዓመት ይቀድማል። ከዚያ የበሩ ድብደባ ተሰማና ክሩ ተበጠሰ።

መኩሪያ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«አጋሮ ሰርግ ላይ ነው የሰማሁት» አለ። «የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።»

«አሁን ይጠይቁኛ።»

«የማን ነው?»

«የከዲጃ።»

ወደ ማይኩ ጠጋ ብሎ «ዜማው የከዲጃ ነው» አለ። ናቲ ወደ ማስታወቂያ ሊሄድ ሲል እጁን ያዝኩት። መኩሪያ ዜማዋን ወሰደ፤ የዘፈኗን መጀመሪያ ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ፤ የእሱን ካሴት የሸጥኩትም እኔ ነኝ። ይህም በዚያው ማይክ መነገር ነበረበት፤ ተናገርኩ።

ከስቱዲዮ ስወጣ ከዲጃ ደወለች። ጎረቤቱ ቤቷን ሞልቶታል፤ እየተሳሳቁ ነው።

«ስሜን ሰማሁት፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መጀመሪያው የት ሄደ? የእናቴ ስም ያለበት?»

«ተናገርኩ እኮ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ጫጫታው አላሰማኝም» አለች። «ሌላ ቦታ የለም?»

«የለም። አንቺ አታስታውሽውም?»

«ካሴቱ ላይ አለ ብዬ እኔ ረሳሁት» አለች።

ቤቴ ገብቼ ኅዳር አሥራ አራትን ገለጥኩና ከሁለቱ መስመሮች ሥር ሦስተኛ ጻፍኩ፦ «የከዲጃ ዘፈን መጀመሪያው ጠፍቷል። ያጠፋችው ዘሃራ።» ናቲ ዘንድሮ ሦስቱንም አነበበ።

ዛሬ በስልክ የምትቀዱ ልጆች ካሴት አታውቁ ይሆናል፤ የቀዳችሁት እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ጥርስ ለእናንተ ምን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ቀድታችሁ ስትጨርሱ፣ በሩ ቢደበደብም፣ መጀመሪያ ጥርሱን ስበሩ።