የማስትሮ ኦቶሪኖ ገበር

በሰሜን ጣሊያን፣ ሞንቴቤሉና ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ፣ በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት፣ ሰው በአፍ እየተጠያየቀ የሚያገኘው አንድ የስፌት ክፍል ነበር። ባለቤቷ ዶሪና ፖዞቦን ትባላለች። ሥራዋ የስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ ጫማ ገበር ማደስ ነው።

የስኪ ጫማ ውጪው፣ ቅርፊቱ፣ ድንጋይ የመሰለ ፕላስቲክ ነው። እግር የሚያቅፈው ውስጥ ያለው ገበር ነው፤ በሙቀት ሲለሰልስ የባለቤቱን እግር ቅርፅ ይዞ የሚቀር ስፖንጅ። ጥቂት የበረዶ ወራት ከተረገጠ በኋላ ስፖንጁ ይሟሽሻል፤ ተረከዝ ውስጡ መዋኘት ይጀምራል፣ ቁርጭምጭሚት ይላጣል። ብዙ ሰው ያኔ አውጥቶ ይጥለዋል። መጣል ያልሆነለት ዶሪና ዘንድ ይመጣል።

ሠላሳ ዓመት ግድም ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ገበር ስትሰፋ ኖራለች። ሴቶቹ በረጅም ረድፍ ተቀምጠው፣ ከመኪናው ጩኸት በላይ እየተጯጯሁ፣ አማቶቻቸውን ሲያሙ ይውሉ ነበር። ኋላ ፋብሪካው ጉልበት ርካሽ ወደሆነበት አገር ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ሴቶቹም ተበተኑ፤ አንዳንዶቹ ሽማግሌ ሊጦሩ፣ አንዳንዶቹ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ። ዶሪና የልጅ ልጅ አልነበራትም፤ ባልም አላገባች። የምትጦራት እናት ነበረቻት፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የስፌት መኪናዋ ድምፅ ብቻ ሆነ። እሱን ባጠፋች ቁጥር ጆሮዋ ጭው ይላል።

ሥራ የሚበዛላት መኸር ላይ፣ በረዶ ሊወርድ ሲል ነው። የስኪ አስተማሪው፣ የተራራ አዳኙ፣ በገመድ ወደ ተራራው ሰው ማመላለሻውን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሁሉም ገበራቸውን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ዶሪና ገና በሩ ላይ ታሸተውና መቆጣት ትጀምራለች።

"ማታ ማታ ከቅርፊቱ አውጡት ብዬ አልነበረም? እርጥቡን አፍኖ አሳድሮ፣ ጠዋት እሳት ላይ ሰቅሎ! ታዲያ ምን ይሁን?"

እየተቆጣችም ትሠራለች። የተበሳውን ተረከዝ በስስ ቆዳ ትለብጣለች። በሳሳው ቦታ ላይ፣ ከውጪ በኩል፣ ስፖንጅ ቆርጣ በማስቲሽ ትለጥፋለች። የተቀደደውን የገበር ምላስ ትሰፋለች፣ ከሥር ስስ ቡሽ ታነጥፋለች። በመጨረሻ ገበሩን ትንሽ ፎርኖ ውስጥ ታሞቀዋለች። ስፖንጁ አበጥ ሲል ደንበኛው እግሩን አስገብቶ፣ ቅርፊቱን ቆልፎ፣ እስኪቀዘቅዝ ሳይነቃነቅ ይቆማል።

ያ ሰው ሳይነቃነቅ የሚቆምበት ጊዜ ለዶሪና ትልቅ ነገር ነበር። የቆመ ሰው የትም አይሄድም። ወይን ትቀዳለታለች፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች። እሱም ሌላ የሚያደርገው ስለሌለው ይመልስላታል።

ከሁሉም የምትጠብቀው ኦቶሪኖ ዴ ቢያዚዮን ነበር። ከአጎርዶ ከተማ በላይ፣ ተራራው ላይ ባለ መንደር ልጆችን ስኪ የሚያስተምር ረጅም ሰው ነው፤ አገሩ ሁሉ ማስትሮ፣ መምህር፣ ይለዋል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። በየዓመቱ መኸር ላይ የሚውለው የሙታን መታሰቢያ ቀን ሳይደርስ ያችኑ አንድ ጥንድ ገበር ይዞ ይመጣል።

"አዲስ አይገዙም እንዴ ማስትሮ?" ትለዋለች።

"አዲሱ እግሬን እስኪያውቅ እኔ አርጅቼ አልቃለሁ ሲኞራ" ይላታል።

እና ፎርኖው አጠገብ ቆሞ፣ በረዶ ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳም ስላለ ልጅ፣ ከአስተማሪው በፊት ቁልቁል ስለወረደች እናት ያወራላታል። እሱ ከሄደ በኋላ ዶሪና ያለውን ነገር ለብዙ ሳምንት እያገላበጠች ታስበዋለች። አንዳንዴም ያላለውን ትጨምርበታለች።

በዚያ ዓመት የሙታን ቀን መጣና አለፈ፤ ማስትሮው አልመጣም። ከላይ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቷ ፌዶራ ልብስ እያሰጣች በሰገነቱ ቁልቁል ጮኸችባት።

"ያንቺ ማስትሮ ዘንድሮ ቀረ እንዴ? ሌላ ሰፊ ሳያገኝ አልቀረም!"

"አርፈሽ ልብስሽን አስጪ፣ ፌዶራ።"

"ከንፈርሽን ተቀብተሽ አይቼሻለሁ እኮ!"

"ብርድ ሰንጥቆት ነው፤ ቅባት ነው ያደረግሁበት!" አለችና በሩን ዘጋችው። ገብታም በመስታወት ከንፈሯን አየችው፤ ከዚያ በመሐረብ ጠረገችው።

ማስትሮው የመጣው ተራራው ነጭ ከለበሰ በኋላ፣ ሌሎቹ አስተማሪዎች ሥራ ከጀመሩ ወዲያ ነው። ከስቷል። ወደ ስፌት ክፍሉ የሚያወርደውን ደረጃ ሲወርድ ግድግዳውን ይዞ ነበር። ገበሮቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። ዶሪና አንዱን አንስታ ገለበጠችው። ሥሩ ተልጦ ይብረቀረቃል፤ ጥቁር ነው፤ እንጨት እንጨት፣ ጭስ ጭስ ይሸታል። ጎኑን ዳሰሰችው።

"ማስትሮ" አለች፣ ሳታስበው። ብቻውን የሚኖር ሰው ቃሉን አፉ ላይ የሚያቆምበት ልማድ ይጠፋዋል። "እነዚህ እኮ በረዶ አላዩም።"

"እንዴት?"

"ቅርፊት ውስጥ የዋለ ገበር ጎኑ ላይ የመቆለፊያው ጫና ይታያል። እዚህ የለም። ሥሩን ደግሞ ወለል ነው የበላው። አመድም አለበት።"

ኦቶሪኖ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጆሮዎቹ ቀልተው አየቻቸው፤ ምነው ምላሴ በተቆረጠ ኖሮ አለች በሆዷ።

"ባለፈው ጥር ጉልበቴ ከዳኝ" አለ። "ልጆቹ ፊት ነው የወደቅሁት። ተሸክመው አወረዱኝ፤ እኔን! ከዚያ የስኪ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ጠራኝና 'ማስትሮ፣ አሁን እንኳ ይረፉ' አለኝ። እንግዲህ እያረፍሁ ነው። የወጥ ቤቴ ወለል ድንጋይ ነው ሲኞራ፤ ብርዱ ከታች ነው የሚገባው። እነዚህን ባደርጋቸው ሞቁኝ። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ስነሳ አደርጋቸዋለሁ፣ ስተኛ አወልቃቸዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አመጡልኝ?"

"መኸር ሲሆን እርስዎ ዘንድ ነው የምመጣው" አለ፣ ጥያቄው እንደገረመው ሰው። "ሌላ የት ልሂድ?"

ዶሪና ስፖንጁን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። እንደ ተጫነችው ቀረ፤ አልተመለሰም።

"ሞቷል ማስትሮ። ፎርኖ ባስገባውም ከእንግዲህ አይነፋም። ስንት ጊዜ አሞቅነው?"

"ይጣላ በቃ።"

"ማን ይጣል አለ?" ተቆጣች። "ለቤት ከሆነ መላ አለው። እናቴ ከአሮጌ ጨርቅ የቤት ጫማ ትሰፋ ነበር። ጨርቁን ደራርቤ፣ ከታች የብስክሌት ጎማ አድርጌ፣ ሥር እሰፋለታለሁ። ውስጡ የሳሳውን ደግሞ በሱፍ እሞላዋለሁ። ብቻ አንዴ ከሰፋሁት ተመልሶ ቅርፊቱ ውስጥ አይገባም። ይህን ይወቁት።"

ኦቶሪኖ ገበሮቹን ረጅም ጊዜ ተመለከታቸው።

"ቅርፊቱ ጋራዥ ውስጥ ነው ያለው" አለ። "አይጥ ሳትወልድበት አትቀርም።" ሊስቅ ጀምሮ ተወው። "ይስፉት።"

ገበያ ወርዶ እስኪመለስ ሰፋችለት። የእናቷን የሱፍ ጉርድና የፋብሪካ ሽርጧን ቆርጣ አንዱን ባንዱ ላይ ደረበች፤ በሰም የታሸ ክር በወስፌ እያሳለፈች ዙሪያውን ጠበቅ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። መሐል ላይ አንድ ሐሳብ መጣባት፦ ክሩን ትንሽ ባላላው፣ በመጪው መኸር ይፈታና ይመለስ ነበር። ሐሳቡን አልጠላችውም። ግን እጇ ማላላት አያውቅም፤ ሳታዝዘው ራሱ አጠበቀው። እንዲህ የተሰፋ ሥር ደግሞ ከሰው ዕድሜ ይተርፋል።

ሲመለስ አደረጋቸው፤ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረ። የሚሞቅ ገበር ስለሌለ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አልነበረም፤ እሱን የሚያቆመው ነገር አልነበረም። መንገዱ በረዶ ሳይጋግር ልሂድ ብሎ ወይኑን ግማሽ ጠጥቶ ተነሣ። "እግዜር ይስጥልኝ ሲኞራ፤ እጅዎ ይባረክ" አለ። የመኪናው ድምፅ ጥግ እስኪዞር ሰማችው፤ ከዚያ የተረፈውን ወይን ጠጣችው።

የካቲት ሲገባ በሯን የሚያንኳኳ አልነበረም። አንድ እሁድ ዶሪና የቅዳሴ ኮቷን ለብሳ፣ ቋሊማና አንድ እቅፍ ራዲኪዮ፣ መራራውን ቀይ ሰላጣ፣ በዘንቢል ይዛ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ላይ ወጣች። መንደሩ ደርሳ ቤቱን ጠይቃ አንኳኳች። ኦቶሪኖ በሩን ከፍቶ አፈጠጠ።

"ሲኞራ! ምነው? ስፌቱ ላይ የተሳሳቱት ነገር አለ እንዴ?"

"የለም፤ እንዲሁ ነው" አለች። ቃሉ ለራሷም ሞኝ ሆኖ ተሰማት። "ቋሊማ አምጥቼልዎት ነው።"

ደስ ብሎታል፤ ደስ ማለቱ ግን ግራ አጋባው። ወንበር ላይ ያለውን ልብስ አነሣ፣ መልሶ ሌላ ወንበር ላይ አኖረው። ፖሌንታ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ አገነፋ፤ እሷ ቋሊማውን ጠበሰች። በሉ። ስለ በረዶው ተነጋገሩ፤ የበረዶው ወሬ አለቀ። ስለ ፌዶራ ነገረችው፤ ፌዶራም አለቀች። እሷ ቤት እያለ እግሩ ታስሮ ስለሚቆም ይሆናል ወሬ ይመጣላቸው የነበረው። እዚህ ዝምታው ሲጀምር ሁለቱም መነሣት ይችላሉ፤ እሱ እንጨት ሊያመጣ ይነሣል፣ እሷ ሰሃን ልታጥብ። ሁለቱም ዝምታን ለምደውታል፤ ሰው ያለበት ዝምታ ግን ሌላ ነው፣ እሱን አያውቁበትም።

ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይታ ዞር ስትል ኦቶሪኖ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። አውቶቡሱ ሊደርስ ነው። ልቀስቅሰው አለች፤ ብቀሰቅሰው ያፍራል አለች። ኮቷን ለብሳ እንደ ገና ተቀመጠች። በመጨረሻ ሁለት ግንድ ጨምራለት፣ በሩን በቀስታ ስባ ወጣች።

ማቆሚያው ከስኪ በተመለሱ ቤተሰቦች ተሞልቷል። ልጆቹ ጉንጫቸው ቀልቶ ይጮኻሉ፣ ይገፋፋሉ፤ እናቶች ጓንት ይቆጥራሉ። አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ልጇን ከመቀመጫው አስነሥታ "ይቀመጡ እማማ" አለቻት። ዶሪና ባዶ ዘንቢሏን ታቅፋ ተቀመጠች። እስከ ሞንቴቤሉና ድረስ በመስኮቱ አየች፤ የሚታያት ግን የራሷ ፊት ነበር።

ምሽት ላይ ስልኳ ጮኸ።

"ለምን አልቀሰቀስሽኝም!" አለ ኦቶሪኖ። አንቺ አላት። ከተዋወቁ ጀምሮ ብሏት አያውቅም።

"ተኝተሃላ! አፍህን ከፍተህ፣ እያንኮራፋህ! ምን ላድርግ?" እሷም ከአፏ አመለጣት።

"እና ሰው ሳይሰናበት ይሄዳል? ሌባ ነሽ?"

"ሌባስ ሰሃን አጥቦ አይሄድም!"

ተጯጯሁ። ግድግዳው ላይ የሰው ጩኸት ካረፈበት ስንት ዓመቱ ነበር፤ ፌዶራ እንኳ ከላይ መራመዷን አቁማ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ከዚያ ሁለቱም ትንፋሻቸው አለቀ።

"ስነቃ እሳቱ ይነዳል፣ ሰው የለም" አለ ቀስ ብሎ። "ሕልም መሰለኝ። ሰሃኑን ሳይ ነው የመጣሽ መሆኑን ያመንሁት።"

"መጥቼ ነበር" አለች።

"እሺ። ደህና እደሪ።"

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ እሁድ ይደውላል፤ ብዙ አያወሩም። እዚያ ስንት ጣት በረዶ እንደወረደ ይነግራታል፣ እዚህ ጭጋግ መሆኑን ትነግረዋለች። አንዳንድ እሁድ አይደውልም። ያን ቀን ዶሪና አለመደወሉን ለማንም አትናገርም፤ ፌዶራም አወቀችበት መሰል ከሰገነቱ መቀለዱን ትታለች።

መጋቢት ላይ ሁለት እሁድ በተከታታይ ስልኩ ዝም አለ። በሦስተኛው ዶሪና ራሷ ደወለች። ረጅም ጠራ። ልትዘጋው ስትል ተነሣ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ማን እኔ?"

"ዶሪና።"

መስመሩ የተቋረጠ መሰላት።

"ቆይ እንዳትዘጊው" አለ። "ድስት ጥጄ ነበር፤ አውርጄው ልምጣ። እንዳትዘጊው!"

መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማችው። እሷም በእግሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የራሷን መቀበያ ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች።