ከችፑዱ ማዶ ያለው አሚን

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር የልብስ ስፌት ቤት ነበረችኝ። ቤት ካልናት ነው፤ አንዲት ሱቅ በችፑድ ለሁለት ተከፍላ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ከወሎ የመጡ አንዲት እናት ተከራይተናት ነበር። እሳቸው ሳሙናና ስኳር ይሸጣሉ። እኔ ሳስነጥስ "ይማርሽ" የሚሉኝ እዚያው እንደተቀመጡ ነው።

ያን ዕለት ሐሙስ፣ የአንዲት የሠፈራችን ልጅ የመልስ ቀሚስ እጄ ላይ ነበር፤ የቀረው እጅጌው ብቻ ነው። ሠርጓ እሑድ ነው። ኤርፖርት ነው የምትሠራው፤ ሳቲኑን የሥራ ባልደረባዋ ከውጭ አምጥታላት እንጂ መርካቶ ተገልብጦ ቢፈለግ አይገኝም። ይህን እያወቅሁ፣ ጨርቅ ላተርፍ ብዬ፣ አጥፌ በአንዴ መቁረጥ ሲገባኝ እጅጌዎቹን አንድ ባንድ ቆረጥኳቸው። የልኩን ወረቀት መገልበጥ ረሳሁ። ሁለቱም የግራ ሆነው ቁጭ! ሳቲን ደግሞ የሚያብረቀርቀው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ ገልብጦ መሸወድ የለም። የተረፈው ቁራጭ ለመሐረብም አይበቃ።

መቼም እኔ ራሴን ስሰድብ ለጉድ ነው። ግድግዳው ላይ ወዳለችው የእመቤቴ ሥዕል ዞሬ ጀመርኩት። ደደብነቴን፣ ችኩልነቴን፣ ሰው አለመሆኔን ሁሉ ዘረዘርኩላት። በመጨረሻም፣ "እጄን ይቁረጠው!" አልኩ።

"አሚን" አለ ችፑዱ።

ደነገጥኩ። "እማማ፣ እንዴት አሚን ይሉብኛል?"

"ዱዓ ስሰማ ምን ልበል ታዲያ?" አሉ ረጋ ብለው። "በጠላትሽ ላይ እንኳ እንዲህ ብለሽ አትለምኚም። ሌላ ለምኚ፣ እሱንም አሚን እልልሻለሁ።"

መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሳቄ መጣ። ግን ለራሴ በጎ መለመን አፌ አልለመደም፤ ቤተ ዘመዱን ሁሉ በጸሎት ስጠራ እኔን እዘላለሁ። እናም ራሴን እንደ ጎረቤት ቆጥሬ ለመንኩላት። እመቤቴ፣ ይችን ልብስ ሰፊ አስቢያት፣ ደክሟታል፣ ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ ነው መቀስ ያነሳችው አልኩ። ለካ አንጀት ትበላለች! አሳዘነችኝና አለቀስኩላት። እማማ አሚናቸውን አስረዝመው ካሉ በኋላ ሻይና ዳቦ ይዘውልኝ ዞረው መጡ። ዳቦዬን እየገመጥኩ አንዱን የግራ እጅጌ በቀኝ ክንዴ አጠለቅሁት። ትከሻዬ ላይ ተጠማዝዞ ሲቀር እማማ በሳቅ ሻያቸውን ደፉት። እንደዚያ የሳቅሁበት ሐሙስ ትዝ አይለኝም፤ ቀሚሱ ግን ያው እንደተበላሸ ነው።

አመሻሽ ላይ ሙሽራዋ መጣች። ሳልደባብቅ እጅጌዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። አንስታ ጎን ለጎን አስተያየቻቸው። ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔን ብትሰድበኝ ሲያንሰኝ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ራሷ ዞረች።

"ድሮም የኔ ነገር! እዚህ ያመጣኝን እግሬን ይስበረው!"

"አሚን" ተባለ ከማዶ፣ ጮክ ተብሎ።

ልጅቷ አፏን ይዛ ቀረች። የጧቱን ስነግራት በእንባዋ መሀል መሳቅ ጀመረች። ከዚያ እጅጌ የሌለውን ቀሚስ ለበሰችና መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለች። ክንዷን አየችው። እንደሱው ጨርሺልኝ፣ በዚህ ክንድ ላይ እጅጌ ምን ያደርጋል አለችኝ። ደስታዬን የት ላድርሰው!

ልትወጣ ስትል ወደ ችፑዱ ጠጋ አለች።

"እማማ፣ የእግሬን ነገር ያንሱልኝ። እሑድ ልጨፍርበት ነው።"

"አንቺው ለምኚ ልጄ፣ አሚኑ ከኔ" አሏት።

ቆማ ለመነች፤ እኔም መቀሴን አስቀምጬ እጄን ዘረጋሁ።