ለቱሪስትነት ያስጠናኋት ልጅ

ስለ ቱሪስት እኔን የሚበልጠኝ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። መካነ ሰላም እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ እንግዳ ሲገኝ ደግሞ አጅባር ድረስ ሄጄ አምባ መቅደላን አስወጣለሁ። የትኛው ዳገቱ መሀል ላይ እንደሚለግም፣ የትኛው ጉርሻ እንደሚፈራ፣ የትኛው ያን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ ወጥቶ ሳይጠጣው ተሸክሞ እንደሚወርድ ገና ከመኪና ሲወርድ አውቀዋለሁ። ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ። ግን ቱሪስትነት ዝም ብሎ የሚሆኑት ነገር አይደለም፤ የራሱ ጠባይ አለው።

ስለዚህ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ ቱሪስት መሆን ያስተምሩኝ» ስትለኝ፣ ሳቄ ከመምጣቱ በፊት ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። በዚህ ሙያዬ ምክር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ልጅቷ ተማሪዬ ነበረች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነላትም፤ ከዚያ ወዲህ ባላቸው የሞቱባቸውን እናቷን ቅመም በማድቀቅ እያገዘች ቤት ተቀምጣለች። አሁን አክስቷ ዓረብ አገር ልትልካት ነው። አክስት ያልኳት ለአፍ ነው፤ የእናቷ የአጎት ልጅ ናት። እዚያው ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ ደሴ የምትኖር፣ ለሐዘንም ለሠርግም ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ ሴት ነች። ደላላ ብሎ የጠራት ሰው የለም። በእኛ ሰፈር ደላላ የሚባለው የሌላ ሰው ዘመድ ነው።

የምትሄደው በሥራ ውል አልነበረም፤ በጉብኝት ቪዛ ነው፤ «ቪዚት» ይሉታል። ቦሌ ላይ የሚጠይቃት ካለ «ፎቁን አይቼ፣ ባሕሩን አይቼ እመለሳለሁ» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ደብተሯ ላይ አክስቷ ያስጻፈቻት ጥያቄና መልስ ነበር። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ነገረችኝ። ሰምቼም ማስተማሬን አልተውኩም። መሄዷ ካልቀረ ኤርፖርት ላይ አትፈር ብዬ ነው፤ ሰበቤ ይህ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኝም ነበር።

መጀመሪያ ያስተማርኳት አረማመድ ነው። የእኛ ሰው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ነው የሚራመደው፤ ቱሪስት አይቸኩልም። ከቤቴ አጥር እስከ ውሃ ቦኖው ድረስ ስትመላለስ የሰፈሩ ሕፃናት ተከትለዋት ነበር። ቀጥሎ ማማረር አስተማርኳት።

«ሆቴሉን አማርሪ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ያላየሁትን ሆቴል እንዴት አድርጌ አማርረዋለሁ?»

«እነሱም ሳያዩት ነው የሚጀምሩት።»

ፈጣን ልጅ ናት። በሁለተኛው ቀን ሙቀቱን፣ የአልጋውን ጥንካሬና የቁርሱን ማነስ በእንግሊዝኛ እየደረደረች ባለቤቴን በሳቅ ገደለቻት።

በሦስተኛው ቀን የኢሚግሬሽን ሹም ሆንኩ። ጠረጴዛ አወጣሁ፤ ኮቴን ለበስኩ፤ ፊቴን አጨፈገግኩ። እሷ የባለቤቴን ጥቁር መነጽር አድርጋ ቀስ እያለች መጣችና ፊቴ ቆመች።

«ፓስፖርት» አልኳት።

ባዶ መዳፏን ዘርግታ ሳቀች። «ምን ልስጥዎት? እኔ ጋ የለም እኮ።»

«የት ነው ያለው?»

«አክስቴ ጋ። ቦሌ ስንደርስ ትሰጠኛለች፤ እዚያ ስደርስ ደግሞ የሚቀበለኝ ሰውዬ ይይዝልኛል።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«አክስቴ ታውቀዋለች።»

«የት ነው የምታርፊው?»

«እሱንም እሷ ታውቃለች።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

መነጽሩን አወለቀች። «እሱን አልነገረችኝም» አለች።

እኔም ኮቴን አወለቅኩ። አንድ ጊዜ አንዲት በዕድሜ የገፉ ፈረንጅ አምባውን ሳስወጣ ጭቃው አንሸራተታቸው። ካሜራቸውን ሰጡኝ፤ ምርኩዛቸውን ሰጡኝ፤ እጃቸውንም ሰጡኝ። ወገባቸው ላይ የታሰረችውን ትንሽ ቦርሳ ልያዝልዎ ብላቸው ግን በፈገግታ እምቢ አሉ። ሌባ ያደረጉኝ መስሎኝ እስከ አጅባር ድረስ አኩርፌ ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረው ፓስፖርታቸው ነው። ሰው አገሩን ለቆ ሲወጣ ማንነቱን የሚመሰክርለት እሱ ብቻ ስለሆነ፣ እውነተኛ መንገደኛ ሌላውን ሁሉ ይሰጣል፣ እሱን አይሰጥም። የእኔዋ ቱሪስት ሻንጣዋን ራሷ ልትሸከም፣ ፓስፖርቷን ብቻ ለሰው ልትሰጥ ነው።

አስቀመጥኳትና ሳላድበሰብስ ነገርኳት። የጉብኝቱ ቪዛ ሲያበቃ ሕገ ወጥ የምትሆኚው አንቺ ነሽ፤ ውል ስለሌለሽ እዚያ መኖርሽን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም፤ ወረቀትሽን የያዘ ሰው ካሻው ቤት ያስገባሻል፣ ካሻው ለሌላ ያሳልፍሻል፤ ብታመልጪ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ። ይህ ሰው መሸጥ ነው፤ የምትሸጪውም አንቺ ነሽ፤ ፓስፖርትሽን ከአክስትሽ ተቀበያት አልኳት። ስደትን የምረግም ሰው አይደለሁም። ከዚሁ ሰፈር በውል ሄደው፣ ሠርተው፣ በእግራቸው የተመለሱ አሉ። እኔ የምጠይቀው በሩ ከየት በኩል እንደሚቆለፍ ነው።

ልጅቷ ሞኝ አይደለችም፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ጋሼ፣ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ‘እስካሁን አልሄድሽም እንዴ?’ ይሉኛል» አለች። «አትሂጂ ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አትሂጂ አላልኩሽም። ፓስፖርትሽን ተቀበያት ነው ያልኩሽ።»

«በአማና የሰጡትን ይጠይቋል?»

አማና የምንለው አደራ ነው፤ በእኛ አገር ክርስቲያኑም ቃሉን ይጠቀምበታል። በአማና የሰጡትን ነገር መልስልኝ አይሉትም፤ ተቀባዩ ራሱ በጊዜው ይመልሳል። መጠየቅ ‘በልተኸዋል’ ብሎ መጠርጠር ነው፤ የጠረጠረ ደግሞ ዝምድናውን በገዛ እጁ ቆረጠ ማለት ነው። በሬውን ለዘመድ አደራ ሰጥቶ፣ በሬው አርጅቶ እስኪሞት ድረስ ሳይጠይቅ የኖረ ሰው አውቃለሁ። ጨዋነታችን ነው፤ እኮራበታለሁም። ለሌባ ግን ከዚህ የተመቸ አገር የለም።

እናቷ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው።

«መምህር፣ አንቱም ክፉ አይናገሩ» አሉኝ። «‘የልጄን ወረቀት አምጪ’ ብላት ነገ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«ልጅዎ ከጠፋችስ?»

ሙቀጫው ውስጥ ያለውን ቅመም በጣታቸው ሰበሰቡ፤ ደግመው በተኑት። «አላህ ያውቃል» አሉ። ተናድጄ ወጣሁ።

በንዴቴ የሰፈሩ ሼህ ቤት ገባሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ይህ በከተማችን ወሬ አይሆንም። ልጆቼ ሲታመሙ እሳቸው ዱዓ ያደርጉልኛል፤ ከመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣላቸው እኔ አነብላቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ስለሰሙኝ የተኙ መስሎኝ ነበር።

«የሽኝቱ ዱዓ መቼ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ሐሙስ ጧት።»

«አብሽር፣ አይዞህ። አንተም ና» አሉኝ። ሌላ ነገር ሳይሉ መቁጠሪያቸውን አነሱ። ይህም ራሱ አናደደኝ።

ሐሙስ ጧት ቤቱ ሞላ። ልጅቷ የመንገድ ልብሷን ለብሳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ወደ ደሴ የሚወስዳቸው መኪና ደጅ ቆሟል። አክስቷ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ትልቅ ሰውን በየስሙ እየጠራች ጤና ትጠይቃለች። እኔንም «መምህር፣ እንግሊዝኛውን አሳመርክላት አሉ» ብላ አመሰገነችኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

ሼሁ የልጅቷን ሻንጣ ፊታቸው አስቀረቡ። «መንገደኛ ሲመረቅ ስንቁም አብሮ ይመረቃል» አሉና እጃቸውን ጫኑበት። ሻርፗንም እንዲሁ። ከዚያ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «ወረቀቷስ? ባሕር የሚያሻግራት እሱ አይደል እንዴ? እሱ ሳይመረቅ ምኑን መረቅናት?»

«እኔ ጋ ነው፣ ሼሁ» አለች አክስቷ። «በአማና ነው የያዝኩላት።»

«ማሻ አላህ። በአማና ያለ ነገርማ ምርቃቱ ይደርሰዋል። መዳፏ ላይ አኑሪላት።»

«ደሴ ነው ያስቀመጥኩት።»

«እንግዲያው ከደሴ እስኪመጣ እንጠብቃለን» አሉና ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ። «እኔ ዛሬ ሌላ ሐጃ፣ ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

ሳይመረቅ የሚነሳ መንገደኛ የለም፤ ዱዓ ሳይዘጋም የሚወጣ ሰው የለም። ሁላችንም ተቀመጥን። ሹፌሩ አንድ ጊዜ ጥሩምባ ነፋ፤ ቆይቶ ደገመ። ሼሁ ቆሎ እየቆረጠሙ ስለ ዘንድሮው የጤፍ ቡቃያ ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ተጨዋወቱ። እንደዚያ ቀን ሰው አድንቄ አላውቅም።

ሹፌሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነፋ አክስቷ ቦርሳዋን ከፈተች። ያወጣችው ግን አንድ ፓስፖርት አልነበረም። በላስቲክ የታሰሩ አራት ፓስፖርቶች ነበሩ። ቶሎ ቶሎ እየገለጠች የልጅቷን ስትፈልግ የማናውቃቸው የልጃገረዶች ፎቶ እየታየ አለፈ።

«የእነዚህስ እናቶች የት ናቸው?» አሉ ሼሁ።

አክስቷ የልጅቷን ፓስፖርት ልጅቷ መዳፍ ላይ አኖረች፤ ሦስቱን ሼሁ ተቀብለው ከጉልበታቸው ሥር አደረጓቸው። እነዚያን በማግሥቱ ለፖሊስ ያስረከብኩት እኔ ነኝ።

ሼሁ አጭር ዱዓ አደረጉ፤ አሚን አልን። ወዲያው አክስቷ እጇን ዘረጋች። «በይ አምጪው፣ መንገድ ላይ እንዳይጠፋብሽ።»

ልጅቷ ፓስፖርቷን ጨብጣ እናቷን አየች። እናቷ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ የአጎታቸውን ልጅ ፊት ለፊት እያዩ ተናገሩ።

«እህቴ፣ ልጄንም እኮ በአማና ነው የሰጠሁሽ። እሷንም መልሽልኝ።»